የወይበላ ሞራ

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስንዱ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የዋና መነጽሯን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሎጁ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን የድንጋይ ደረጃ ትወርዳለች። ታች ስትደርስ ሥራዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ተደፍተው ያደሩትን ካያኮች እያገላበጠች ሸረሪት ታራግፋለች፣ መቅዘፊያዎቹን ታቆማለች፣ ጤዛ ሲጠጡ ያደሩትን የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶች ገመድ ላይ ትዘረጋለች። ጃኬቶቹ የማያውቁት ሰው ላብ ስለሚሸቱ ይህንን የምትሠራው ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች ከሦስት ሰዓት በፊት ከአልጋቸው አይነሱም። እስከዚያ ሐይቁ የእሷ ነው።

ወይበላ ተራራ አናት ላይ፣ ድሮ እሳት ቆፍሮት በሄደ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ጥድና አስታ ለብሶ፣ በስተሰሜን ብቻ አንድ ጥቁር ገደል ራቁቱን ውሃው ውስጥ ይገባል። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሎጁም በየማስታወቂያው የሚያሳየው ከላይ ያለውን ነው። ሲገቡበት ሌላ ነው። ውሃው እስከ ጉልበት አረንጓዴ፣ እስከ ወገብ ቡናማ፣ ከዚያ በታች ጥቁር ነው፤ ሥሩ የተኛው የበሰበሰ ቅጠል እግር ሲነካው እንደ ገንፎ ይውጣል፣ ከውስጡ የሚወጣው አረፋ እየተንከባለለ መጥቶ አገጭ ሥር ሲፈነዳ የከረመ እንቁላል ይሸታል። ዓሣ የለውም። እንቁራሪት እንኳ የለውም፤ እንግዶቹ ይህንን አያውቁምና «እንዴት ጸጥ ይላል» እያሉ ይደሰታሉ።

ስንዱ ደግሞ ተጸያፊ ናት። አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ስምንት ዓመት ዋና ስላስተማረች ክሎሪን የሚሸት ውሃ ብቻ ነው ንጹሕ የሚመስላት፤ በሰው ብርጭቆ አትጠጣም፣ ማጠቢያ ላይ አንዲት ፀጉር ካየች ምሳዋን ትተዋለች፣ ታክሲ ውስጥ የሰው ላብ ከነካት ቤቷ ስትገባ እስከ ትከሻዋ ትታጠባለች። ታናሽ ወንድሟ ይርጋ በዚህ ሲስቅባት ነው ያደገው፤ ልጅ ሆነው አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ሆን ብሎ ያልታጠበ እግሩን ጭኗ ላይ ይጭንባት ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ወደ ወይበላ በፈቃዷ አትመጣም። ያመጣት ይርጋ ነው።

ይርጋ እዚሁ ሎጅ የካያክ አስጎብኚ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ እንግዶቹን አድርሶ ብቻውን ሲመለስ ነፋስ ተነሳ፤ ካያኩ በማግስቱ ገደሉ ሥር ተገልብጦ ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። ስምንት ቀን በጀልባ ፈልገው ተውት። እናታቸው አስካለ ግን ለቅሶ አልቀመጥም አለች፤ ሬሳ ሳላይ ልጄን አልቀብርም ብላ ጎረቤት የተከለውን ድንኳን አስነቀለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበርዳታል። በአዳማ ሙቀት፣ ሰው ጥላ ሥር ሆኖ በሚያልበው ወር፣ እሷ ሁለት ጋቢ ደርባ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። ሐኪም አይቷት ምንም አላገኘባትም። «ልጄ ውሃ ውስጥ ሆኖ እኔን እንዴት ይሙቀኝ» ነው የምትለው። ስንዱ ሎጁ የዋና አሠልጣኝ እንደሚፈልግ ስትሰማ ሥራዋን ለቀቀች፤ አንዲት አጥንትም ብትሆን አምጥቼልሽ ትቀብሪዋለሽ፣ ያን ጊዜ ይሞቅሻል ብላ ለእናቷ ማለችላት። ለሎጁ ሰዎች የማን እህት እንደሆነች አልተናገረችም።

መፈለጊያው ቦታ ገደሉ ሥር ነበር። ከአደጋው ወዲህ ሎጁ ካያክ ወደዚያ እንዳያልፍ በገመድ አጥሮታል፤ ደግሞም ገደሉ ከሥሩ ተቦርቡሮ ጣሪያው ውሃውን ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው፣ ጀልባ አያስገባም፣ ፈላጊዎቹም አልገቡበትም። አንገቱን ውሃ ላይ ያደረገ ዋናተኛ ብቻ ነው ሊገባ የሚችለው። እዚያ ለመድረስ አርባ ደቂቃ መዋኘት ያስፈልጋል። ስንዱ በመጀመሪያው ሳምንት የቻለችው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንጋጋዋ ይቆለፋል፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ይላሉ፣ ብርቱካንማውን ተንሳፋፊ ፊኛዋን አቅፋ እያለቀሰች ትመለሳለች። ስትመለስ ከንፈሯ ላይ የሚቀረውን ጣዕም ሦስት ጊዜ ጥርሷን ፍቃም አታስለቅቀውም።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተኮራምታ ስትንቀጠቀጥ እትዬ ማንጠግቦሽ አገኟት። የሎጁን አንሶላ የሚያጥቡ፣ በዚያው መንደር ተወልደው በዚያው ያረጁ ሴትዮ ናቸው። ዘምቢላቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሰው አለሽ?» አሏት።

«የት?»

«እዚህ ውሃ ውስጥ።»

ስንዱ ልትዋሽ አስባ ነበር፤ ግን ጥርሷ ሲንገጫገጭ ውሸት አይመችም። «ወንድሜ» አለች።

«እንዲያ ከሆነ ይሠራልሻል» አሉና ሄዱ። ሲመለሱ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ቀድሞ ወጣ። የሻገተ አይብ፣ ርካሽ ሳሙና፣ ለዓመታት ያልተነሳ ምንጣፍ ሥር፤ ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ስስ ጣፋጭ ነገር ነበረበት፣ ስንዱን ከሁሉ ይልቅ ያስጠላት ያ ጣፋጩ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ነጭ ሆኖ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ላዩ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ውስጡ ሲጫኑት ይለጠፋል። የሐይቁ ሞራ ነው አሏት። ክረምት ሲወጣ ከገደሉ ሥር እየተንሳፈፈ ዳር ይወጣል፣ የመንደሩ ሰው ይለቅመዋል፣ ብርድ የገባበት ይቀባዋል። ስንዱ ጣሳውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ግን የእናቷ ሁለት ጋቢ ታወሳት፤ ዓይኗን ጨፍና ጀርባዋን ሰጠች። የአሮጊቷ እጅ በአከርካሪዋ ላይ ሲወርድ እያንዳንዱ ጸጉሯ ቆመ።

በማግስቱ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ዋኘች።

ሙቀቱ የእሳት ወይም የፀሐይ አይነት አልነበረም። ሰው ተኝቶበት አሁን የተነሳበትን አልጋ ነው የሚመስለው፤ ጀርባዋንና ብብቷን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ ይሄዳል። ውሃው ያው በረዶ ነበር፣ ፊቷን ይቆርጣታል፣ የተቀባው ገላዋ ግን አይሰማውም። ስትዋኝ በመነጽሯ ውስጥ ከክንዷ ነጫጭ ቅንጥብጣቢ እየተላቀቀ ወደ ኋላ ሲቀር ታያለች። አንዳንዱ ዞሮ አፏ ውስጥ ይገባል። ስትተፋው ምላሷ ላይ ይቀባና ይቀራል፤ ከንፈሯ እርስ በርሱ ይንሸራተታል፤ ሰውነቷ ውስጥ የገባ ይመስላታል፣ አሁንም ትዋኛለች።

የሚዘገንነው ማታው ነበር። ሁለት ባልዲ የፈላ ውሃና አንድ ሙሉ ሳሙና ይዛ ገላ መታጠቢያ ቤት ትገባና እንደ ምንጣፍ ራሷን ትፈትጋለች። ሞራው ግራጫ ጥቅልል እየሆነ ይለቅና የፍሳሹን አፍ ይደፍነዋል፤ በእንጨት እየጎረጎረች ወደ ታች ትገፋዋለች። አንድ ማታ እንጨቱ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የተከረደደ ፀጉር ይዞ ወጣ። የእሷ ፀጉር ሹሩባ ነው፣ እስከ ትከሻዋ ይደርሳል። ከእሷ በፊት በክፍሉ ያደረ እንግዳ ነው ብላ ራሷን አሳመነች፣ ወለሉ ላይ ተደፍታ አስታወከች፣ ከዚያ ያንንም በእንጨቱ ገፋችው። ራት መብላት ያቆመችው ያን ሰሞን ነው።

የአሁኑ የካያክ አስጎብኚ ፈንታሁን ይባላል፤ ቀልደኛ ነው፣ ከወይበላ ማዶ ካለው ከተማ ነው የመጣው። ካያክ አብረው ሲያጥቡ ነፋሱ ከእሷ ወደ እሱ ሲመጣ ቦታ ይቀይራል።

«የእትዬን ሞራ ነው አይደል?» አላት። «እኔም አምና ሰርቄ ተቀብቼዋለሁ። ይገማል እንጂ አያሞቅም። እንዲያውም በረዶ ነው የሆንኩት።»

«እኔን ያሞቀኛል።»

«እድለኛ ነሽ» አለና ሳቀ። ስንዱ አብራው ልትስቅ ሞከረች።

ቅዳሜ እንግዶች መጡ። ልጆቿን ዋና ለማስለመድ ያመጣች አንዲት ሴት ስንዱ ውሃ ውስጥ ሆና የትንሿን ልጅ ሆድ ደግፋ ስታንሳፍፍ ከዳር ቆማ ታያለች። ልጅቷ ፊቷን ከስንዱ አንገት ልታርቅ ትታገላለች። «እማ፣ ይቺ ሴትዮ ትሸታለች» አለች። እናትየዋ ልጇን ተቀብላ በፎጣ ስትጠቀልል የልጅቷን ሆድ ሁለቴ ሽቅብና ቁልቁል ጠረገችው። ስንዱ በሕይወቷ ሌላውን ስትጸየፍ ኖራ፣ ሰው ሲጸየፋት የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቷ ጋለ። ያን ማታ ሦስት ባልዲ ተጠቀመች፣ ጀርባዋ ደም እስኪቋጥር ፈተገችው፤ ፎጣዋ ላይ ግን ዝንቦች አደሩ።

ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ ሲቀቧት ጠየቀቻቸው።

«ከምንድነው የሚወጣው?»

«ከውሃው።»

«ሐይቁ ዓሣ የለውም እኮ።»

«ዓሣ ነው አልኩሽ?» አሉና ጣታቸው ላይ የቀረውን ጉልበታቸው ላይ ፈተጉ። እንደ ተራ ወሬ፣ «የኔ ሰውዬ ከገባ ሰላሳ ዓመቱ። አሁን አሁን ጥቂት ጥቂት ነው የሚሰጠኝ» አሏት። ስንዱ ትርጉሙን መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም፤ ገደሉ ሥር የምትደርስበት ቀን ያ ስለነበር መስማት አልፈለገችም።

ሰላሳ አንደኛ ቀኗ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወገቧ ላይ ፊኛዋን፣ ፊኛው ላይ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ትንሽ ከረጢት አስራ ገባች፤ አጥንት ካገኘች ልትይዝበት ነው። ከገመዱ ሥር ሾልካ አለፈች። ወደ ገደሉ ስትቀርብ ውሃው ይበልጥ እየቀዘቀዘ ሄደ፣ ሞራው ግን እየሞቀ፤ ጀርባዋ ላይ አንድ ሰው ደረቱን የለጠፈ እስኪመስላት ድረስ ሞቀ። የገደሉ ጣሪያ ላይ ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር ድምፅ የለም። አገጯን ውሃው ላይ አድርጋ፣ ግንባሯ ድንጋይ እየነካ፣ ገባች።

ውስጡ ከውሃው የሚንጸባረቅ አረንጓዴ ብርሃን አለው። ሽታው እንደ ግድግዳ ቆመባት፤ ያ ጣሳው ውስጥ ያለው ሽታ፣ ግን ትኩስ። ዓይኗ ሲለምድ አንድ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየች፣ ላዩ ላይ በማጠቢያ ዳር እንደ ተረሳ ሳሙና የላሸቀ ነጭ ክምር ተቀምጧል። ከፊሉ ውሃው ውስጥ ነው፣ ትንሿ ሞገድ ስትመጣ ይነሳና ይተኛል። ስንዱ በጣቷ ነካችው። ይሞቃል። ጎኑን ይዛ ልትገለብጠው ስትል እጇ ውስጥ ገባ፣ እስከ አንጓዋ፣ በቀላሉ፣ ጣቶቿ መሃል ደግሞ አንድ ክር ተጠመጠመ።

ጎተተችው፣ እየተንሸራተተ መጣ። ማተብ ነው። ጥቁር፣ ሦስት ቋጠሮ፣ በመሃሉ አንድ ቀይ ክር የገባበት። ይርጋ ወደዚህ ሥራ ሲመጣ እናቷ ያሰረችለት ነው፤ ቀዩን ክር ደግሞ ስንዱ ራሷ ከአሮጌ የዋና ልብሷ ጠርዝ መዝዛ ነው የሰጠችው፣ ውሃ ላይ እህትህ ትጠብቅህ ብላ።

ሰላሳ ቀን ሙሉ አጥንት ስትፈልግ ነበር። ለካ የፈለገችውን በየጠዋቱ ተቀብታዋለች፣ ቀምሳዋለች፣ ተፍታዋለች፣ በየማታው በሳሙና አጥባ በእንጨት እየገፋች ወደ ፍሳሽ ለቃዋለች። ስንዱ ጮኸች ማለት አይቻልም፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ውሃና ነጭ አረፋ ነው። አረፋው ዙሪያዋን ሲንሳፈፍ ማተቡን በጥርሷ ነክሳ ቆዳዋን በጥፍሯ መቧጨር ጀመረች። ክንዷን፣ ደረቷን፣ አንገቷን፤ ሞራው በጥፍሮቿ ሥር እየገባ ከላይዋ ወረደ።

ያኔ ብርዱ መጣ። በአንድ ጊዜ፣ ከአራቱም ጎን። መንጋጋዋ ማተቡ ላይ ተቆለፈ። የመመለሻ መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው፣ ሞራ የሌለው ገላዋ የሚችለው ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ይህንን ሰዓት አይታ ያረጋገጠችው እሷው ናት። እዚህ ከሞተች እናቷ ሁለት ልጅ ውሃ ውስጥ ይኖራታል፣ ጋቢ አይበቃትም። ስንዱ ለረጅም ጊዜ ክምሩን አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ ዛቀች። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ መጨፈን ነውር መሰላት። ትከሻዋን፣ ሆዷን፣ ጭኗን ቀባች፣ ጭኗ ላይ ሲደርስ የልጅነቱ ያልታጠበ እግር ትዝ አላትና እንባዋ ወረደ። ሞቃት።

የተረፈውን ከረጢቱ ውስጥ አደረገችውና ይዛው ወጣች።

እትዬ ማንጠግቦሽ አንሶላ እያሰጡ ነበር። ስንዱ ማተቡን አሳየቻቸው።

«ያውቁ ነበር» አለች።

«ጠይቄሻለሁ እኮ፤ ሰው አለሽ ወይ ብዬ። ሰው የሌለውን አያሞቀውም።» አንሶላውን እያቀኑ ወደ ሐይቁ አዩ። «እኔም ልቀብረው ነበር። በኋላ መሬቱ ይበርዳል አልኩ። አንቺ እንደ ፈቀድሽ አድርጊ።»

ስንዱ በዚያው ቀን ሥራዋን ትታ ተነሳች። ለመታጠብ ደፍራ ውሃ አልከፈተችም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ነፋስ ይመታናል ብሎ መስኮት በማይከፈትበት አገር፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተነስቶ መስኮት ከፈተ። አጠገቧ የነበሩት አዛውንት ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቆመው ሄዱ። ከረጢቱን ጭኗ ላይ ይዛ ማንንም አላየችም።

እናቷ ደጃፍ ላይ፣ ሁለት ጋቢዋ ውስጥ ነበረች። ስንዱ ማተቡን እጇ ላይ አኖረችላት፣ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ጣሳው፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ፍሳሹ እንጨት። እንድትመታት ፈልጋ ነበር፣ ወይም እንድትጮህባት። አስካለ ከረጢቱን ከጭኗ ላይ አንስታ በሁለት እጇ አቅፋ ቆየች።

«ይሞቃል?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

«ይሞቃል እማዬ።»

በማግስቱ ቀበሩት። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሁለት ዓመት ሲጠበቅ የነበረው ለቅሶ ወጣ። አስካለ ከረጢቱን ይዛ ገብታ ሳጥኑን ራሷ ከደነች፣ ማንም እንዳያይ ክፍሉን ዘግታ ነው። የተሸከሙት ሰዎች ቀለለን ሲባባሉ ስንዱ ሰማች፤ ምን ይከብዳል አለች በልቧ። ከቀብር ስትመለስ ሁለት በርሜል ውሃ አስፈልታ በአመድ፣ በሳሙናና በሎሚ ታጠበች። ጥፍሯን በምላጭ ጠረገች፣ ሹሩባዋን ቆረጠች። ንጹሕ ሆነች። ወዲያው በረዳት።

መጀመሪያ ድካም ነው አለች። በሁለተኛው ቀን ሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ውጭ ግንቦት ነው፣ የአዳማ አስፋልት ይቀልጣል። ለቀስተኛው በካናቴራ ሆኖ እየተራገበ እሷን ወባ ነው ይላታል። በሰልስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ተነስታ የእናቷን ጋቢዎች ፈለገች። ሁለቱም ወንበር ላይ ታጥፈው ተቀምጠዋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

አስካለ ጓሮ ነበረች፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጅጌ በሌለው የውስጥ ልብስ። ክንዶቿ ፀሐዩ ላይ ያብለጨልጫሉ። ጉልበቶቿ መሃል የቅቤ ጣሳ አለ። ፊቷ ላይ ስንዱ የረሳችው ቀይ ዳማ መልክ ተመልሷል።

«ሳጥኑ ቀለለ ሲሉ ሰምተሽ አልነበር?» አለቻት በዝግታ። «ነይ ልጄ፣ በርዶሻል። ጀርባሽን አዙሪልኝ።»

ስንዱ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ልትይዝ እጇን አነሳች፤ ግን ምንም አልሸተታትም። ሸሚዟን ፈትታ ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ከዚያ ቀን ወዲህም አልታጠበችም።